አስተዳደር የተማረችው ትርንጎ

ባለፈው ሳምንት ለምለም ደወለችልኝ። ለምለም ሰቆጣ ሳስተምር ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ ግን እሷም የልጅ ልጅ ያቀፈች ሴት ናት። ስትደውል መጀመሪያ ጤናዬን፣ ቀጥላ ጉልበቴን፣ ከዚያም ዝናቡን ጠይቃ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው። ያን ቀን አንዱንም አልጠየቀችም።

«መምህር፣ እትዬ ትርንጎ አረፉ» አለችኝ።

ነፍስ ይማር ተባባልን፤ የቀብሩን ቦታ ነገረችኝ፤ ተሰነባበትን። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅ አፈነኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማን ነው?» አለችኝ። «ትርንጎ ሞተች» አልኳት፣ አሁንም እየሳቅኩ። ደንግጣ አየችኝ። ምን ላድርግ? በዓይነ ሕሊናዬ የመጣችው አሮጊቷ ትርንጎ አልነበረችም። የመጣችው በአባቷ ደጃፍ በባለ ጉዳይ ተከባ «ኧረ እኔ አገረ ገዢ አይደለሁም!» እያለች የምትጮኸው ልጅ ነበረች።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። እኔ የአምደወርቅ ልጅ ነኝ፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሰቆጣ ሒሳብ አስተምር ነበር። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው በማስተማር ማገልገል ነበረባቸው። ሰቆጣ የደረሳቸው አብዛኞቹ ፊታቸውን አጥቁረው ነበር የሚመጡት። ትርንጎ ግን ራሷ ጠይቃ እኛ ትምህርት ቤት መጣች፤ አገሯ ነውና። የመሪጌታ ኅሩይ ልጅ ናት። አባቷ የዜማ መምህር ነበሩ፤ በበዓል ቀን ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ።

ከእሷ ቀድሞ ወሬዋ ገባ። መሪጌታ፣ ልጅዎ ምን ትማራለች ሲባሉ «አስተዳደር» ብለው ነበር የሚመልሱት። አልዋሹም። የምትማረው የንግድ ሥራ አስተዳደር፣ እነሱ ማኔጅመንት የሚሉት ነበር። ሰቆጣ ውስጥ ግን አስተዳደር ማለት የአውራጃው ገዢ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስለዚህ በመጣች ሰሞን ጠዋት ጠዋት የመሪጌታ በር ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይሰለፍ ጀመር። ድንበር የተገፋበት፣ በሬ የተሰረቀበት፣ ልጁ የታሰረበት ሁሉ። እዚያው አካባቢያችን ካለው ዝቋላ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ፍየል እየጎተቱ መጥተው እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በሁለት እጇ ደግፋ አቆመቻቸው።

«አባቴ፣ እኔ ሹመት የለኝም። ተማሪ ነኝ።»

«የምን ተማሪ?»

«ሰዎች አብረው ሲሠሩ ሥራው እንዴት እንደሚቃና ነው የምማረው።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «እሱን ነዋ የምፈልገው! እኔና ጎረቤቴ አብረን ማረስ አቅቶን አይደል እንዴ የመጣሁት!»

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን አላሰናበተቻቸውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጭቅጭቁን ከሥሩ ሰማች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ ፍየላቸውን እየጎተቱ ደስ ብሏቸው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ትርንጎ አጭር ናት። ስትሄድ የሚከተላት ሰው ይሮጣል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፤ ጠመኔዋን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፤ ያንኑ ጠመኔ ደግሞ ክፍሉን ሁሉ ስትፈልገው ትውላለች። አንድ ሰው ዕቅድ ሲነግራት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማና «ማን ይሠራዋል? መቼ? ባይመጣስ?» ትላለች። ሦስተኛዋ ጥያቄ መምህራኑን ሁሉ ታበሳጭ ነበር። ርእሰ መምህራችን አቶ ታፈረ «ይቺ ልጅ የሟርት ትምህርት ነው እንዴ የተማረችው?» ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ መሪጌታ ቤት ምሳ ተጋብዤ ነበር። መሪጌታ እጃቸውን ታጥበው እንደተቀመጡ፣ ብዙ ጊዜ ሲያብሰለስሉት የቆየ የሚመስል ጥያቄ አመጡ።

«እኛ ዘንድ ዜማ የዘለቀ መሪጌታ ይባላል። ቅዳሴ የተማረ ይቀስሳል። ቅኔ የተቀኘ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። አንቺ ይህን ትምህርት ጨርሰሽ ስትወጪ ምን ትባያለሽ? የትስ ነው የምትቀመጪው?»

«ሥራ አስኪያጅ እባላለሁ፣ አባዬ። የትም ቦታ እሠራለሁ።»

«የትም ማለት እኮ የትም አይደለም፣ ልጄ።»

ትርንጎ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አኖረች። ዓይኗ በራ። «ባንክ ቤት! ፋብሪካ! ሆስፒታል! ቡና የሚልኩ ኩባንያዎች! አባዬ፣ አዲስ አበባን አሁን ቢያዩት! በየጊዜው አዲስ ሕንፃ ይቆማል፤ ሰው ይቀጠርና ይገባበታል። ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ግን የሚያውቅ የለም። አንዱ ሥራ በዝቶበት ያለቅሳል፣ ጎኑ ያለው ያዛጋል። የእኛ ትምህርት የሚፈለገው እዚያ ነው። ገና ብዙ ይፈልጉናል!»

መሪጌታ አዳመጧት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሴትስ ያስቀምጣሉ?» አሉ።

«ከክፍላችን ሴቶቹ በጣት የምንቆጠር ነን» አለች። «አስተማሪዎቻችንም ይህንኑ ይጠይቁናል። አላውቅም፣ አባዬ። ሄጄ ማየት ነው።»

መሪጌታ ራሳቸው ያጎረሷት ያኔ ነው።

እኔ መጀመሪያ ነገሩ ወሬ ነው የመሰለኝ። እውነቱን ለመናገር የሷ ትምህርት ከሒሳብ ጋር ሲነጻጸር ትምህርትም አልመሰለኝም ነበር። ተማሪዎቹ ግን አበዱላት። ስለ ሥራ ካወራችላቸው በኋላ አቶ ታፈረ ክፍል ገብተው «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ቢሉ፣ ድሮ ሐኪም፣ ወታደር፣ አስተማሪ ይል የነበረው ክፍል በአንድ ድምፅ «ማኔጀር!» ብሎ ጮኸባቸው። አቶ ታፈረ በሩን ዘግተው ወጡ።

ሥራዋን ያየሁት ግን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ነው።

የዚያን ጊዜ ልጆቻችን መንግሥት የሚያወጣውን ፈተና የሚፈተኑት ኮረም ሄደው ነበር። መኪናው በጋ እንጂ ክረምት አይደርስም፤ ፈተናው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። በእግር ነው የሚኬደው። መንገዱ ላይ አንድ ወንዝ አለ፤ በበጋ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ሰኔ ከገባ ግን ላይ አገር በዘነበ ቁጥር ድንገት ይሞላል። እሷ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ዓመት ከልጆቹ ገሚሶቹ መሻገር አቅቷቸው ወዲህ ማዶ ቀሩ። ፈተናው ሲጀመር ወንዙ ዳር ቁጭ ብለው ያለቅሱ ነበር። ስምንት ዓመት የተማረ ልጅ በውሃ ተመልሶ ሞፈር ሲይዝ ማየት አንጀት ይበላል። እኛም አዘንን፤ የእግዜር ሥራ ነው አልን፤ ተውነው።

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ጠመኔዋን ከጆሮዋ አወረደች።

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮም እንደየዕድላቸው ነው» አሉ አቶ ታፈረ።

«ማን ይወስዳቸዋል? መቼ ይነሣሉ? ወንዙ ቢሞላስ?»

አቶ ታፈረ ኮታቸውን አስተካክለው «እመቤት፣ ይህን ያህል ከቻልሽ አንቺው አስተዳድሪው» አሉ። ለማሾፍ ነበር። እሷ ግን በደስታ ዘላ ተነሣች። «እሺ! እርስዎ ፈቅደዋል፤ ደሱ ምስክር ነው!» አለች። ደሱ እኔ ነኝ።

በማግሥቱ የሄድነው አቶ ሐጎስ ዘንድ ነበር። አቶ ሐጎስ ከትግራይ በኩል ጨው እያስመጡ ሰቆጣ ገበያ የሚያራግፉ ነጋዴ ናቸው። ትርንጎ ጉዳይዋን አልነገረቻቸውም፤ ስለ በቅሎዎቻቸው ብቻ ትጠይቅ ጀመር። ስንት ቀን ያርፋሉ፣ በየት ይመለሳሉ፣ ሲመለሱ ምን ይጭናሉ።

«ዋይ ጓለይ፣ ልጄ! ምን ይጭናሉ? አንዳንዴ ቆዳ፣ አንዳንዴ ማር። ሰኔ ላይማ ባዶአቸውን በኮረም በኩል ይመለሳሉ።»

«ባዶአቸውን!» ብላ እጇን ስታጨበጭብ አቶ ሐጎስ ደነገጡ። ከዚያ ተነጋገሩ፤ በቅሎዎቹ የልጆቹን ስንቅና ልብስ ይጭናሉ፣ ልጆቹ ደግሞ በየማደሪያው በቅሎ ይጠብቃሉ፣ ሣር ያጭዳሉ። አቶ ሐጎስ በዚያ ሰሞን ሁለት ጫኝ ታመውባቸው ስለነበር ከእሷ ይልቅ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። ስንወጣ ትርንጎ ክንዴን ይዛ «አየህ ደሱ? ማንንም አልለመንኩም!» አለችኝ። እንደዚያ ስትፍለቀለቅ የሎተሪ ዕጣ የደረሰው ሰው ትመስል ነበር።

የቀረው አቶ ምስጋናው ነበሩ። የለምለም አባት ናቸው፤ እርሻቸው እዚያው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ለምለም በክፍሉ አንደኛ ነበረች። አባቷ ግን ሴት ልጄ ከጎረምሳ ጋር ተራራ ለተራራ አትሄድም ብለው ቆርጠዋል። አቶ ታፈረ ሄደው መክረዋቸዋል፤ እኔም ሄጄ መክሬያቸዋለሁ። ሁለታችንንም እርጎ አጠጥተው፣ መርቀው አሰናብተውናል። ፈቃዳቸውን ግን አልሰጡንም።

ትርንጎ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነበር ያወሩት። አቶ ምስጋናው አማርኛውን የሚያወጡት ለመንግሥት ሰው ነው። እኔ ስለ ለምለም ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ «አባቴ፣ ይህ ወንዝ ሊሞላ ሲል እንዴት ይታወቃል?» አለች።

እኚያ ዝምተኛ ገበሬ ልሳናቸው ተፈታ። የትኛው ተራራ ላይ ደመና ሲቀመጥ ውሃው በስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ መጀመሪያ ሽታው እንደሚመጣ፣ ቀጥሎ ቀለሙ እንደሚቀላ፣ ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ ግን እግር መንከር እንደማይገባ፣ ሲጎድልም ከላይኛው መሻገሪያ ይልቅ የታችኛው ቶሎ እንደሚገለጥ፤ ወርደው በእጃቸው እያሳዩ ነገሩን። ትርንጎ በባዶ እግሯ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለች ተከተለቻቸው። እኔ ጫማዬን እስካወልቅ ማዶ ደርሰዋል።

ሲመለሱ «አባቴ» አለቻቸው፣ «ያን ቀን የዚህ ወንዝ አለቃ እርስዎ ይሁኑልኝ። ግቡ ሲሉ እንገባለን፣ ቁሙ ሲሉ እንቆማለን።»

«መምህራኑም?»

«መምህራኑም።»

«ታፈረም?»

«አቶ ታፈረም።»

አቶ ምስጋናው ጢማቸውን አሻሹ። «ከልጃገረዶቹ ጋር ማን ያድራል?»

«እኔ አድራለሁ። አባቴ መሪጌታ ኅሩይም አብረውን ይሄዳሉ፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል።»

«እንግዲያ እኔ አለቃ በሆንኩበት ወንዝ ልጄን ወዲህ አስቀርቼ የሰው ልጅ ላሻግር ነው?» አሉ፤ ራሳቸውን የጠየቁ ይመስሉ ነበር። ለምለም ከቤቱ ጀርባ ሆና ትሰማ ነበር፤ እልልታዋን መግታት አልቻለችም።

የተነሣንበት ቀን ጠዋት ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሸኘን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብሏል፤ ውሃው ግን ከማታው ዝናብ አልጎደለም ነበር፤ ቀይ ሆኖ ይጮኻል። አቶ ታፈረ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «እንመለስ» አሉ፤ «የአምናው ነው የደገመው። ደም በእጄ አልፈልግም።»

አቶ ምስጋናው ብቻቸውን አልነበሩም። ማንም ሳይነግራቸው የወንዙ ዳር ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ ጠርተው አምጥተዋል። «ጭራሮ ማምጣት አቁሟል» አሉ በአማርኛ፤ ለአቶ ታፈረ መሆኑ ነው። «እየጎደለ ነው። ትንሽ እንጠብቅና በታችኛው መሻገሪያ እንገባለን። ከሰዓት በኋላ ሌላ ውሃ ይመጣል፤ ያኔ መመለስም መሄድም የለም።»

አቶ ታፈረ ወደ ትርንጎ ዞሩ። እሷ ወደ አቶ ምስጋናው አመለከተች።

ጠበቅን። ከዚያ አቶ ምስጋናው እጃቸውን አነሡ። የአቶ ሐጎስን መጫኛዎች ጎረምሶቹ አቀጣጥለው ከዳር እስከ ዳር ወጠሩ። ጠንካራ ጠንካራው በቅሎ ከላይ በኩል ገብቶ የውሃውን ጉልበት ሰበረ። ገበሬዎቹ ደረታቸውን ለውሃው ሰጥተው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ ልጆቹ በነሱና በገመዱ መካከል አንድ በአንድ ገቡ። መካከል ላይ አንዷ በቅሎ ተንሸራታ ጭነቷ ተፈታና አንድ ጆንያ ስንቅ ውሃ ወሰደው። ልጆቹ ጮኹ። «ዝም ብላችሁ ሂዱ! ስንቁ በሁሉም በቅሎ ላይ ተከፋፍሏል!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ፤ ጭነት የማከፋፈሉን ሥራ የሰጠችው ለእኔ ነውና። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ዞር ስል ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አቶ ታፈረ ለመሻገር ያወለቁትን ጫማ ይዛላቸዋለች።

«አንቺ ምን እየሠራሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም!» አለች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ዛሬም ይታየኛል። «ደሱ፣ ሥራዬ አልቋል! የሚጠራኝ ሰው አለ? የለም! ማንም ትርንጎ፣ ትርንጎ አላለም!»

መሪጌታ ኅሩይ ከአጠገባችን መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ከሁለቱም ዳር የሚሰማውን ጩኸት፣ የወዲያኛው ሲጠራ የወዲህኛው ሲመልስ፣ አንዱ ለቀቅ ሲያደርግ ሌላው ሲይዝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ማኅሌት ላይ ቀኙ አንሥቶ ግራው ሲቀበል መሪጌታው ዝም ይላል። ዝም ሲል ነው ማኅሌቱ መሳካቱ የሚታወቀው። ለካስ አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ የኔኑ ሥራ ነው የተማርሽው!»

ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተሻግረው ሲያበቁ፣ አቶ ምስጋናው ለምለምን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ትንሽ ልጅ አልነበረችም፤ አፍራ «አውርደኝ አባ» ትላለች። እሳቸው ግን ኮረቱ ላይ እስኪደርሱ አላወረዷትም። እልልታው ከሁለቱም ዳር ነበር።

ኮረም በሰዓቱ ደረስን፤ ልጆቹም ተፈተኑ። አንድም አልቀረም። ውጤቱ ሲመጣ ትርንጎ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ተመልሳለች። አንዳንዶቹ ወደቁ፤ ብዙዎቹ አለፉ። ለምለም ከሁሉም በላይ አምጥታ ነበር።

የትርንጎ መንገድ እንዳሰበችው አልጋ በአልጋ አልሆነላትም። ተመርቃ መጀመሪያ የተቀጠረችበት ድርጅት ዲግሪዋን አይቶ አድንቆ ታይፕ መምቻ ፊት አስቀመጣት። አለቃዋ ቡና ያስቀዳት ነበር። ትታ ወጣች፤ ወራት ያለ ሥራ ከረመች። ቀጥሎ ግን አንድ ሆስፒታል የአስተዳደር ረዳት አድርጎ ወሰዳት። ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ላያት ሄጄ፣ ጽሕፈት ቤቷ ስጠይቅ የለችም ተባልኩ። ከበሽተኞቹ መሐል ቆማ አገኘኋት፤ ጠመኔ አልነበራትም፤ ነጠላዋ ግን ወገቧ ላይ ነው።

«ደሱ! ና፣ ና ላሳይህ! እነዚህ ሰዎች ካርድ ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይቆሙ ነበር። አሁን እያቸው!» እያለች ክፍል ለክፍል አስሮጠችኝ። ስለ ክፍል ጓደኞቿ ነገረችኝ፤ አንዱ ባንክ፣ አንዱ ስኳር ፋብሪካ፣ አንዷ ሆቴል። «የትም ነን!» አለች እየሳቀች። ከጊዜ በኋላ ያንኑ ሆስፒታል ራሷ መራችው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሰው ሁሉ ሲገለባበጥ፣ በሽተኛው አልጋና ምግብ እንዳያጣ ስትሟገት ኖረች ይላሉ። ለምለምም ኋላ ያንኑ ትምህርት ነው የተማረችው።

ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ግን ትርንጎ ከሄደች በዓመቱ የሆነውን ነው። እሷ የለችም። ሰኔ ሊገባ ነው። እኔና አቶ ታፈረ ቢሮ ተቀምጠን፣ ማን ያስተባብር፣ ከየት ይጀመር እያልን ስንጨነቅ በሩ ተንኳኳ። አቶ ምስጋናው ናቸው፤ መጫኛ በትከሻቸው ተጠምጥሟል። ከኋላቸው አቶ ሐጎስ ይታያሉ።

«መቼ ነው የምንነሣው?» አሉ አቶ ምስጋናው፣ ሳይቀመጡ።

አቶ ታፈረ ግራ ገባቸው። «አቶ ምስጋናው፣ ለምለም እኮ አልፋለች። ዘንድሮ እኛ ዘንድ ልጅ የለዎትም።»

«እሷማ አልፋለች» አሉ፤ «ወንዙ ግን እዚያው ነው ያለው።»